በአዳማና በስምጥ ሸለቆ ከተሞች መንገደኛው የሚሰማቸው ቋንቋዎች

ከአዲስ አበባ በስተደቡብ ምሥራቅ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ የምትገኘው አዳማ የስብሰባና የሥልጠና ማዕከል በመሆኗ በርካታ የመንግሥት ሠራተኞች ለሥራ ይመላለሱባታል። በከተማዋና ወደ ሻሸመኔ በሚወስደው መስመር ላይ ባሉ ከተሞች የቢሮው ቋንቋና የገበያው ቋንቋ ሁልጊዜ አንድ አይደሉም። ይህን ቀድሞ መገንዘብ ለሥራው መቃናት ይረዳል።

የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 5 ማናቸውም የኢትዮጵያ ቋንቋዎች በእኩልነት የመንግሥት ዕውቅና እንዲኖራቸው፣ አማርኛ የፌዴራል መንግሥቱ የሥራ ቋንቋ እንዲሆን፣ ክልሎችም የየራሳቸውን የሥራ ቋንቋ በሕግ እንዲወስኑ ደንግጓል። በዚሁ መሠረት የኦሮሚያ ክልል መሥሪያ ቤቶች ደብዳቤና ቃለ ጉባኤ የሚጻፈው በአፋን ኦሮሞ፣ በቁቤ ፊደል ነው። የሚኒስትሮች ምክር ቤት በየካቲት 2012 ዓ.ም ያጸደቀው የቋንቋ ፖሊሲም አፋን ኦሮሞን ተጨማሪ የፌዴራል የሥራ ቋንቋ ይሆናሉ ከተባሉት አራት ቋንቋዎች መካከል አካቶታል።

የከተማው ንግግር ግን ከዚህ ይለያል። በ1999 ዓ.ም በተካሄደው የሕዝብ ቆጠራ ከአዳማ 220,212 ነዋሪዎች 59 በመቶ ያህሉ አማርኛን፣ 26 በመቶ ያህሉ ደግሞ ኦሮምኛን አፍ መፍቻቸው አድርገው አስመዝግበዋል። በንግዱ ሠፈር ጉራጊኛና ስልጥኛ ይሰማሉ። በአቅራቢያዋ በምትገኘው ወንጂ በ1946 ዓ.ም ሥራ የጀመረው የስኳር ፋብሪካ ከከምባታ፣ ከሀዲያና ከወላይታ ሠራተኞችን በመሳቡ የእነዚህ ሕዝቦች ቋንቋዎችም ወደ አካባቢው ገብተዋል።

ከሞጆ ወደ ደቡብ ታጥፎ መቂንና ባቱን (ዝዋይን) የሚያልፍ መንገደኛ የሚሰማው ኦሮምኛ አነጋገሩ ይለወጥበታል። በአዳማ ዙሪያ «አካም» የሚለው የሰላምታ ቃል በአርሲ «አታም» ይሆናል። በደምበል ሐይቅ ደሴቶችና ዳርቻ የሚኖሩት ዛዮች ደግሞ ከስልጥኛና ከሐረሪ ጋር የሚዛመድ ሴማዊ ቋንቋ አላቸው። ቱሉ ጉዶን ከመሳሰሉት ደሴቶች ብዙዎች ወደ የብስ በመፍለሳቸውና ኦሮምኛና አማርኛ የዕለት መግባቢያቸው እየሆኑ በመምጣታቸው የዛይኛ ተናጋሪዎች ቁጥር አነስተኛ ነው።

መንገዶች የሚገናኙባት ሻሸመኔ ከኦሮምኛና ከአማርኛ በተጨማሪ ሲዳምኛ፣ ወላይትኛ፣ ከምባትኛና ሀዲይኛ የሚሰሙባት የገበያ ከተማ ናት። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በ1940 ዓ.ም በሰጡት መሬት ላይ የሠፈሩት የጃማይካና የሌሎች የካሪቢያን አገሮች ተወላጆች እንግሊዝኛን በጃማይካ አነጋገር ይናገራሉ።

ለሥራ የሚሄድ ባለሙያ ሰላምታውን በአገሬው ቋንቋ ቢያቀርብ ተቀባይነትን ያገኛል። ለታላቅ ሰው «አካም ጂርቱ» ማለት የአክብሮት አነጋገር ሲሆን፣ ምስጋና «ገለቶማ» ይባላል። የነዋሪው ጉዳይ የሚወሰንበት ሥራ ሲሆን ግን ሰላምታ ብቻውን አይበቃም። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 19 የተያዘ ሰው የቀረበበት ክስና ምክንያቱ በሚገባው ቋንቋ እንዲነገረው፣ በአንቀጽ 20 ደግሞ ክርክሩ በማይገባው ቋንቋ የሚካሄድበት ተከሳሽ በመንግሥት ወጪ እንዲተረጎምለት የመጠየቅ መብት እንዳለው ይደነግጋል። በመሬት፣ በካሳና በጤና ጉዳዮችም ባለጉዳዩ ሳይገባው በፈረመው ወረቀት ምክንያት ጉዳት እንዳይደርስበት፣ አስተርጓሚ ከጉዞው በፊት በዕቅድና በበጀት ሊያዝ ይገባል።