ከአንድ ክር የሚወለድ እንስሳ፤ የኪሮሽ አሻንጉሊትና የሠሪዋ እጅ ታሪክ

ስለ ኪነ ጥበብ ታሪክ በሚጻፉ ድርሳናት ውስጥ ሐውልቱ፣ ሥዕሉና ሕንጻው ሰፊ ቦታ ሲይዙ፣ ከሴቶች እጅ የወጣው ጥቃቅን ሥራ አብዛኛውን ጊዜ ሳይጠቀስ ይታለፋል። በኪሮሽ ተሠርቶ፣ በጥጥ ተሞልቶ፣ በልጅ እቅፍ የሚያድር ድብ ወይም ዝሆን ታሪክ አለው ቢባል ፈገግ የሚል አንባቢ አይጠፋም። ይሁን እንጂ ይህ ትንሽ ፍጡር የረኀብን፣ የፋብሪካን፣ የሒሳብንና የድካምን ዋጋ ታሪክ በሆዱ ይዞ ይገኛል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማም የሆዱን ስፌት ተርትሮ በውስጡ ያለውን ማሳየት ነው። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

«ኪሮሽ» ከፈረንሳይኛ የመጣ ቃል ሲሆን፣ ትርጉሙም ትንሽ መንጠቆ ማለት ነው። ጎረቤቱ «ዳንቴል»ም ከዚያው ቋንቋ የተገኘ ነው። ሁለቱ ቃላት በእኛ ቤት ከገቡ ቆይተዋል፤ የጠረጴዛው፣ የሶፋውና የቴሌቪዥኑ ልብስ ምስክር ነው። የሥራው ባሕርይ ግን ከሌሎቹ የክር ሥራዎች ይለያል። በሽመና ድርና ማግ ይገናኛሉ። በሹራብ ሥራ ብዙ ቀለበቶች በአንድ ጊዜ በመርፌ ላይ ተደርድረው ይጠብቃሉ። በኪሮሽ ግን አንዲት መንጠቆ አንድን ክር እየሳበች፣ አንዱን ቀለበት በሌላው ውስጥ እያሳለፈች ትጓዛለች። ይህ ልዩነት ቀላል መስሎ ቢታይም ውጤቱ ከባድ ነው። እንግሊዛዊው ዊልያም ሊ በ1589 የካልሲ መሥሪያ መሣሪያ ከፈለሰፈ ወዲህ የሹራብ ሥራ ቀስ በቀስ ወደ መኪና ተሻግሯል። ኪሮሽ ግን፣ መኪና መልኩን ቢያስመስልም፣ ዛሬም በገበያ የምናየው እውነተኛው ሥራ ከሰው እጅ የወጣ ነው። ይህንን ነጥብ አንባቢ ልብ እንዲለው ያሻል፤ ኋላ እንመለስበታለንና።

የኪሮሽ ንድፍ ታትሞ ከወጣባቸው ቀደምት ጽሑፎች አንዱ «ፔኔሎፔ» የተባለው የኔዘርላንድ መጽሔት ሲሆን፣ ዘመኑም 1823 ነው። በዚያ ወቅት ኪሮሽ የባለጸጎች ወይዛዝርት የጊዜ ማሳለፊያ ነበር። ይህ በእንዲህ እንዳለ በ1845 አየርላንድ ውስጥ የድንች በሽታ ገባ። ድሃው ገበሬ የሚኖረው በዚሁ አንድ ሰብል ላይ ስለነበረ፣ በጥቂት ዓመታት ውስጥ አንድ ሚሊዮን ያህል ሕዝብ በረኀብና በረኀብ ሳቢያ በመጣ ወረርሽኝ አለቀ፤ ሌላ ሚሊዮን ያህልም አገሩን ጥሎ ተሰደደ። በኮርክ አካባቢ የነበሩ መነኮሳይያትና በክሎንስ ከተማ የደብሩ ቄስ ባለቤት ካሳንድራ ሃንድ ለተራቡት ሴቶች ኪሮሽ ማስተማር የጀመሩት በዚህ ጊዜ ነበር። መንጠቆና ክር ብቻ የሚጠይቅ በመሆኑና በመርፌ ከሚሠራው የቬኒስ ዳንቴል ይልቅ በፍጥነት የሚያልቅ በመሆኑ፣ ሥራው ከጎጆ ወደ ጎጆ ተዛመተ። አንዷ ጽጌረዳውን፣ ሌላዋ የወይን ዘለላውን፣ ሦስተኛዋ ቅጠሉን ለየብቻ ትሠራለች፤ ከዚያም ሁሉም በቀጭን መረብ ይያያዛል። ጎጆው ጠባብና ጭስ የሞላበት ስለነበረ፣ ዳንቴሉ ለገበያ ከመቅረቡ በፊት ይታጠብ ነበር።

እዚህ ላይ አንድ እውነት መገንዘብ ይገባል። ያ ሥራ ብዙ ቤተሰብ ከሞት አድኗል፤ ይህ አይካድም። ነገር ግን ሴትዮዋ የሠራችውን ዳንቴል አንገቷ ላይ አስራው አታውቅም፤ የለበሰችው የለንደንና የፓሪስ እመቤት ናት። የእመቤቲቱ ምስል በሥዕል ተቀርጾ ሲቀር፣ የሠሪዋ ስም ግን ከጥቂቶች በቀር በየትም አልተመዘገበም።

ኪሮሽን ለጊዜው እዚህ እናቆየውና ወደ አሻንጉሊቱ እንሻገር። ልጅ ባለበት ሁሉ አሻንጉሊት አለ። በአገራችን ገጠር እረኛው ልጅ በሬውንና ላሟን ከጭቃ ያበጃል፤ እናት ከቁራጭ ጨርቅ ሕፃን ትሰፋለች። ለገበያ የተሰፋውና በገለባ ወይም በሱፍ የተሞላው እንስሳ ግን በአብዛኛው የ19ኛው ምዕተ ዓመት ማብቂያ ልጅ ነው። ማርጋሬተ ሽታይፍ በ1847 በጀርመን አገር በጊንገን ከተማ ተወለደች። በሕፃንነቷ የልጅነት ልምሻ ሁለት እግሮቿን አሰናክሎ፣ ቀኝ እጇንም አድክሞታል። ሆኖም ልብስ ሰፊነት ተማረች። በ1880 ገደማ በአንድ የፋሽን መጽሔት ላይ በወጣ ንድፍ መሠረት፣ ተዳምጦ ከጠበቀ የሱፍ ጨርቅ ትንሽ ዝሆን ሠራች። ዝሆኑ የታሰበው ለመርፌ መሰኪያ ትራስ ነበር። ልጆች ግን መርፌውን ትተው ዝሆኑን አቀፉት። እስከ 1886 ድረስ ከ5,000 በላይ ዝሆኖች ተሸጡ። የወንድሟ ልጅ ሪቻርድ በ1902 እጅና እግሩ የሚንቀሳቀስ ድብ ነደፈ። በዚያው ዓመት የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ቴዎዶር ሩዝቬልት ሚሲሲፒ ውስጥ ለአደን ወጥተው፣ በገመድ የታሰረን ድብ አልተኩስም ማለታቸው በጋዜጣ ካርቱን ተሣለ። በብሩክሊን ሱቅ የነበራቸው ስደተኞቹ ሞሪስና ሮዝ ሚችተምም ከዚያ ተነሥተው ድብ ሰፉ፤ በፕሬዚዳንቱ የቁልምጫ ስምም «ቴዲ» ተባለ። በ1907 የሽታይፍ ፋብሪካ ብቻ ወደ አንድ ሚሊዮን የተጠጋ ድብ አመረተ። የሰፉት በአብዛኛው ሴቶች ነበሩ።

ሁለቱ ታሪኮች፣ የመንጠቆውና የእንስሳው፣ ጎልተው የተገናኙት በጃፓን ነው። ጃፓኖች «አሚጉሩሚ» ይሉታል፤ በክር መሥራትንና የተሞላ አሻንጉሊትን የሚያመለክቱ ሁለት ቃላት ተጋብተው የወለዱት ስም ነው። ከ2000 ወዲህ ባሉት ዓመታት ጥበቡ በመላው ዓለም ተሠራጭቷል። አሠራሩ እንዲህ ነው። ሠሪዋ በአንዲት ትንሽ ቀለበት ውስጥ ስድስት ቋጠሮ ትሠራለች። በሁለተኛው ዙር 12፣ በሦስተኛው 18፣ በአራተኛው 24 ታደርሳለች። በየዙሩ ስድስት ስትጨምር ሥራው ጠፍጣፋ ክብ ይሆናል። መጨመሯን ስታቆም ጠርዙ ይቆምና እንደ ጽዋ ይጎደጉዳል። መቀነስ ስትጀምር አፉ ይጠባል፤ ሳይዘጋም ጥጥ ይሞላል። ራስ፣ ሆድ፣ ጆሮና ኩምቢ የሚወጡት ከዚሁ መጨመርና መቀነስ ነው። የመሶብ ስፌት የሚያውቅ ኢትዮጵያዊ ይህ እንግዳ አይሆንበትም። ሰፊዋም ስንደዶውን በአክርማ እየጠቀለለች ከመሀል ተነሥታ በክብ ትዞራለች፤ ስታሰፋ ሰፌድ፣ ስታቆመው መሶብ፣ ስታጠበው ክዳን ይወጣታል። መሣሪያው ቢለያይም የሁለቱ ሴቶች ሒሳብ አንድ ነው።

ይህ ሒሳብ የእጅ ሥራ ብቻ ሆኖ አልቀረም። የላትቪያ ተወላጅ የሆነችው የሒሳብ ሊቅ ዳይና ታይሚኛ በ1997 በኮርኔል ዩኒቨርሲቲ የገጠማትን ችግር በኪሮሽ ፈታች። ከተለመደው የኤውክሊድ ጂኦሜትሪ ውጪ የሆነውን ሃይፐርቦሊክ ገጽታ በወረቀት ለማሳየት ሲሞከር ወረቀቱ እየተቀደደ ያስቸግር ነበር። እርሷ በየዙሩ ቋጠሮውን በቋሚ መጠን ከልክ በላይ ጨመረች፤ ጨርቁም እንደ ጎመን ቅጠል ተሸበሸበና ተማሪዎች በእጃቸው የሚዳስሱት ገጽታ ሆነ። አያቶች በልማድ ያውቁት የነበረው ነገር በዚህ መንገድ ዩኒቨርሲቲ ገባ።

በ2013 ደግሞ በዴንማርክ ያለ ጊዜያቸው ለተወለዱ ሕፃናት በኪሮሽ የተሠራ ኦክቶፐስ መስጠት ተጀመረ። ሕፃኑ የሕክምና ቱቦውን ከሚጎትት ይልቅ የአሻንጉሊቱን እግሮች ይጨብጣል፤ እትብቱን ያስታውሱታል የሚሉም አሉ። ጥቅሙን በሕክምና ጥናት አረጋግጦ መናገር ገና ቢቀርም፣ ሐሳቡ ወደ ብዙ አገሮች ተሻግሯል። ቋጠሮው ጥጡን እንዳያሾልክ ጠባብ፣ ክሩም የሙቅ ውሃ እጥበት የሚችል ጥጥ መሆን አለበት። ፍቅርም ቢሆን ጥንቃቄ ካልታከለበት ሕፃን አይጠብቅም።

እንግዲህ ቀደም ብለን ወደ ተውነው ነጥብ እንመለስ። ኪሮሽ ከእጅ አልወጣም። ከዚህ የተነሣ ርካሽ የኪሮሽ ልብስ ወይም አሻንጉሊት በሱቅ መስኮት ሲታይ፣ ዋጋውን ያወረደው መኪና አይደለም፤ በአንድ ስፍራ የተቀመጠች አንዲት ሴት ናት። መዳፍ የምታህል ድብ የሠለጠነ እጅን በርካታ ሰዓት ትጠይቃለች። ሰዓቱ ሳይቆጠር የክሩ ዋጋ ብቻ ከተተመነ፣ የ1847ቱ የአየርላንድ ጎጆ ዛሬም አልፈረሰም ማለት ነው።

ከዚህ በመነሣት ሦስት ነገር ማሳሰብ ይቻላል። መምህሩ በክፍሉ ክብንና ሉልን ሲያስተምር፣ የተማሪዎቹ እናቶች የሠሩትን ሰፌድና ዳንቴል ጠረጴዛው ላይ ቢያኖር ትምህርቱ ሥጋ ይለብሳል። የእጅ ሥራ ማኅበራትን የሚያደራጅ ሁሉ ዋጋ ሲተምን ከክሩ አስቀድሞ ሰዓቱን ይቍጠር። ዐውደ ርእይ የሚያዘጋጀው ከያኒም ከሥዕሉ ግርጌ የሠዓሊውን ስም እንደሚጽፍ ሁሉ፣ ከዳንቴሉና ከአሻንጉሊቱም ግርጌ የሠሪዋን ስም ይጻፍ። የአየርላንድ ሴቶች ጽጌረዳቸው በየሙዚየሙ ተሰቅሎ ስማቸው ጠፍቷል። በእኛ ዘንድ ግን ሠሪዎቹ በሕይወት አሉ፤ ስማቸውንም ጠይቆ መጻፍ ይቻላል።