ፖለቲካ ያልለቀቀው ባንድ

በ1979 (ዓመታቱ በሙሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው) የፊሊፒንስ ልጆች ከቴሌቪዥን ፊት የማይነሱለት አንድ የጃፓን ካርቱን ነበር፤ «ቮልተስ ፋይቭ» ይባላል። አምስት ጀግኖች ግዙፍ ሮቦት እየነዱ ከሌላ ዓለም የመጣ ጨቋኝ ኃይልን ይዋጋሉ። ሊያልቅ ጥቂት ክፍሎች ሲቀሩት ፕሬዚዳንት ፈርዲናንድ ማርኮስ ከአየር እንዲወርድ አዘዙ። የተሰጠው ምክንያት ካርቱኑ ልጆችን ጠብ ያስተምራል የሚል ነበር። ያስከለከለው በአምባገነን ላይ የሚነሳ አመፅ መሆኑ ነው ብሎ የጠረጠረው ሰው ግን ጥቂት አልነበረም።

ከአሥራ አራት ዓመት በኋላ አራት የዚያ ትውልድ ልጆች የሮቦቱን መሣሪያ ስም ጠምዘዝ አድርገው የመጀመሪያ አልበማቸውን «አልትራኤሌክትሮማግኔቲክፖፕ!» አሉት። ባንዱ ኢሬዘርሄድስ ነው።

ኢሬዘርሄድስ የተመሠረተው በ1989፣ ማርኮስ በሕዝብ ማዕበል ከሥልጣን በወረዱ በሦስተኛው ዓመት፣ በኬሶን ሲቲ ዲሊማን በሚገኘው የፊሊፒንስ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ነው። ኤሊ ብዌንዲያ ይዘፍናል፣ ሬይመንድ ማራሲጋን ድራም ይመታል፣ በዲ ዛባላ ቤዝ፣ ማርከስ አዶሮ ደግሞ ጊታር ይጫወታሉ። ስማቸውን የወሰዱት ከዴቪድ ሊንች የ1977 ፊልም ነው። ዲሊማን የተማሪ ሰልፍና የትግል ዘፈን መፍለቂያ ነበር። እነዚህ አራቱ ግን ስለ ትግል አልዘፈኑም። የዘፈኑት ስለ ሴሚስተር ዕረፍት፣ ስለ ሰፈር ሱቅ፣ አፍ አውጥቶ «እወድሻለሁ» ማለት ስላቃተው ልጅ ነው፤ ያውም ተማሪው ግቢ ውስጥ በሚያወራበት፣ እንግሊዝኛ ጣል ጣል ባለበት ታጋሎግ።

ናሙና ካሴታቸውን ይዘው የሙዚቃ ኩባንያዎችን ደጅ ቢጠኑ፣ ዘፈኖቹ ለገበያ «በቂ ፖፕ» አይደሉም ተባሉ። መልሳቸው ያንኑ ካሴት «ፖፕ-ዩ!» ብሎ መሰየም ሆነ፤ ስድብ ይሁን ቀልድ ለሰሚው የተተወ ነው። በኬሶን ሲቲው ክለብ ድሬድ መድረክ ላይ እየተጫወቱ ቆዩና በ1993 የሙዚቃ ኩባንያው ቢኤምጂ አስፈረማቸው። «ፓሬ ኮ» የተሰኘው ዘፈናቸው ስድብ ስለነበረበት ለሬዲዮ ስድቡ የተቆረጠ ቅጂ ተዘጋጀለት። ወጣቱ ግን ያልተቆረጠውን በቃሉ ያውቀዋል።

በ1994 «ሰርከስ» የተባለውን ሁለተኛ አልበም አወጡ። «አላፓፕ» የሚለው ዘፈን ያለው እዚህ ውስጥ ነው፤ ስለ ሰማይ፣ ስለ መንሳፈፍ ያወራል። በ1995 ሴናተር ቲቶ ሶቶ ዘፈኑ ዕፅ መውሰድን ያበረታታል፣ ይታገድ ብለው ተነሱ። ሶቶ ከመድረክ የራቁ ሰው ቢሆኑ ነገሩ ባላስገረመ ነበር። እሳቸው ግን ራሳቸው በ1970ዎቹ በዲስኮ ቡድን ውስጥ የነበሩ ሙዚቀኛ፣ ከ1979 ጀምሮ የዘለቀው የቀትር ቴሌቪዥን ትርዒት የ«ኢት ቡላጋ» ኮሜዲያን ናቸው። ባንዱ በግልጽ ደብዳቤ መለሰ፦ ዘፈኑ ስለ ነፃነት ነው። «አላፓፕ» ዛሬም ይዘፈናል።

በዚያው ዓመት የወጣው «ከተርፒሎው» በአገሪቱ እጅግ ከተሸጡ አልበሞች አንዱ ነው። «አንግ ሁሊንግ ኤል ቢምቦ» የሚለውም እዚያ ውስጥ ይገኛል። አንድ ልጅ የዱሮዋን ተዋናይት ፓራሉማንን የምትመስል የሰፈሩ ልጅ የ1970ዎቹን የኤል ቢምቦ ዳንስ ስታስተምረው ልቡ ይሸፍታል። ዓመታት ያልፋሉ። ልጅቱ ያለ ባል ልጅ ታሳድጋለች፣ በማኒላ ኤርሚታ ሰሃን ታጥባለች፤ አንድ ምሽት በጨለማ መንገድ መኪና ገጭቷት ትሞታለች። ዜማው እንዲህ ጣፋጭ ሆኖ ታሪኩ እንዲያ መራራ መሆኑን ብዙ ሰው የሚያስተውለው ዘግይቶ ነው። ፖለቲካ አይዘፍንም የተባለው ባንድ የድሃ ሴትን ዕጣ በዚህ መጠን ሲናገር ያደረገው ብዙ የትግል መዝሙር ያልቻለውን ነው። በአውራየስ ሶሊቶ የተዘጋጀው ክሊፕ በ1997 በኒው ዮርክ የኤምቲቪ ሽልማት የእስያ ተመልካቾች ምርጫ ሆነ።

ከዚያ በኋላ «ስቲከር ሃፒ»፣ «ናቲን99» እና «ካርቦን ስቴሪዮክሳይድ» ተከታተሉ፤ የጋራ ጉልበታቸው ግን እየሳሳ ነበር። በ2002 ኤሊ ለጓደኞቹ የስልክ አጭር መልእክት ላከ፤ የምረቃ ቀን ደርሷል የሚል። አገሩ ያኔ የአጭር መልእክት አገር ነበር። ከዚያ አንድ ዓመት በፊት ፕሬዚዳንት ጆሴፍ ኤስትራዳን ያወረደው ሕዝብም አደባባይ የተጠራራው በዚሁ ነበር።

በ2008 ተመልሰው ሊጫወቱ ሲሉ ደግሞ ሕግ መጣባቸው። ዝግጅቱን በነፃ ሊያቀርብ የነበረው የሲጋራ ኩባንያ ፊሊፕ ሞሪስ ነው። የትምባሆ ስፖንሰርነት ግን በዚያው ዓመት ታግዶ ስለነበር የጤና ሚኒስቴር ተቃወመ፤ ኩባንያው ወጣ፣ ትኬት መሸጥ ግድ ሆነ። ኦገስት 30 በታጊግ ሜዳ የመጀመሪያው ክፍል እንዳለቀ፣ እናቱን በሞት ካጣ ገና ቀናት የተቆጠሩት ኤሊ ታሞ ሆስፒታል ገባ። የቀረውን ለመጨረስ ማርች 7 ቀን 2009 እንደገና ተጠራሩ። በዋዜማው «ሱፐርፕሮክሲ» በተሰኘው ዘፈናቸው አብሯቸው ራፕ ያደረገው ፍራንሲስ ማጋሎና አረፈ፤ ድግሱም ግማሹ መታሰቢያ ሆነ።

በ2021 አንድ አድናቂ ስለ መሰባሰብ በትዊተር ሲጠይቀው ኤሊ «ሌኒ ከተወዳደረች» ሲል መለሰ። የወቅቱ ምክትል ፕሬዚዳንት ሌኒ ሮብሬዶ በቀጣዩ ወር ለፕሬዚዳንትነት እጩ ሆኑ፤ አገሩም ቃልህን ጠብቅ እያለ ኤሊን ያዘው። ሮብሬዶ በሜይ 2022 ተሸነፉ፤ ያሸነፋቸው የፈርዲናንድ ማርኮስ ልጅ ነው። ባንዱ ቃሉን አላጠፈም፤ በዚያው ዓመት ዲሴምበር 22 በፓራኛኬ በሚገኘው የኤስኤምዲሲ ፌስቲቫል ግራውንድስ በአሥር ሺዎች ለሚቆጠር ሕዝብ ተጫወተ። ከዚያ ቀደም ብሎ፣ የባንዱን ዘፈኖች ይዞ በ2018 የተከፈተው የሙዚቃ ቴአትርም የኤል ቢምቦዋን ልጅ በመድረክ ላይ በሙሉ ታሪኳ አቁሟት ነበር።