ስለ ብረት ቁር ታሪክና በቤታችን ስለ ተገኘው አንድ ቁር

የራስ ቁር ሲባል ብዙዎቻችን ትዝ የሚለን ጎልያድ ነው። ያ ፍልስጥኤማዊ የናስ ቁር ደፍቶ ሳለ የዳዊት ድንጋይ ግንባሩን መትቶ ጣለው። ቁር ሰውን ሁሉ ከሁሉ ነገር እንደማያድን ከዚያ እንረዳለን። በኋላም ጠመንጃ እየበረታ ሲሄድ የብረት ቁር ጥይት የማይመልስ ሸክም መስሎ ስለ ታየ፣ አብዛኛው ሠራዊት ተወው። የአንደኛው የዓለም ጦርነት እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር በ1914 ሲጀመር፣ የፈረንሳይና የእንግሊዝ ወታደር የጨርቅ ቆብ፣ የጀርመን ወታደር ደግሞ ጫፉ የሾለ የቆዳ ቁር ደፍቶ ተሰለፈ።

ነገር ግን ጦርነቱ ብዙ ሳይቆይ የምሽግ ጦርነት ሆነ። በምሽግ ውስጥ ላለ ሰው ዋናው ሥጋት ከራሱ በላይ የሚፈነዳው የመድፍ ፍንጣሪ ነው። ስለዚህ በ1915 ፈረንሳዊው መኮንን ኦጉስት ሉዊ አድሪያን ከስስ ብረት የተሠራ ቁር አወጣ። በዚያው ዓመት እንግሊዞች የጆን ብሮዲን ቁር ተቀበሉ፤ ይህም ከአንድ ዝርግ ብረት በመኪና ተጭኖ የሚወጣ፣ እንደ ተደፋ ሳህን ጠርዘ ሰፊ ነበር። በ1916 ደግሞ ጀርመኖች ፍሪድሪክ ሽቬርድ ያሰናዳውን፣ ጆሮንና ማጅራትን የሚሸፍነውን ቁር ለወታደሮቻቸው አደሉ። ሦስቱም የተሠሩት በቀጥታ የሚመጣ ጥይትን ለመመለስ ሳይሆን ፍንጣሪን ለመከላከል ነው።

አሜሪካኖች በ1941 «ኤም ዋን» የተባለውን ቁር አወጡ። ይህ ቁር ሁለት ድርብ ነው፤ ውጭው ማንጋኒዝ ያለበት ብረት፣ ውስጡ ቀላል ቆብ ነው። ወታደሩ ውስጡን አውልቆ ብረቱን ለመታጠቢያ ያደርገው ነበር። እስከ 1945 ድረስ ከ20 ሚሊዮን በላይ ተሠርቷል።

አሁን ወደ ቤታችን ልመለስ። አያቴ ለብዙ ዘመን እህል የሚሰፍሩት በአንድ የብረት ቁር ነበር። አባታቸው በቃኘው ሻለቃ ዘምተው ከኮሪያ ያመጡት ነው ይላሉ። ለትምህርት ቤታችን በዓል ኤግዚቢሽን ላቀርበው ፈልጌ፣ በአሸዋ ፈትጌ አዲስ ቀለም ልቀባው ተነሣሁ። የታሪክ መምህራችን ግን ከለከሉኝ። «ዝገቱን ስትፍቅ ምስክሩን ታጠፋለህ» አሉኝ። በእርግጥም አሮጌ ቁር የሚሰበስቡ ሰዎች ከሁሉ የሚጠነቀቁት አዲስ ቀለም የተቀባን ቁር ነው፤ አታላይ ነጋዴ ተራውን ቁር በሐሰት ምልክት አስጊጦ በውድ ዋጋ ይሸጣልና።

ስለዚህ በእርጥብ ጨርቅ ብቻ ጠርጌ መረመርኩት። የጠርዙ መጋጠሚያ በስተኋላ ነው፤ በመጀመሪያዎቹ ላይ በስተፊት ነበር፣ ወደ ኋላ የዞረው በ1944 መጨረሻ ነው። የአገጩ ማሰሪያ ቀለበትም የሚንቀሳቀስ ዓይነት ነው፤ ይህ ከ1943 በፊት አልነበረም። እንግዲህ ቁሩ ከ1944 መጨረሻ ወዲህ የተሠራ ነው ማለት ነው።

ታዲያ ኮሪያ ደርሷልን? ቃኘው ሻለቃ በ1943 ዓ.ም. በሚያዝያ ወር ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በጅቡቲ በኩል በመርከብ ሄደ፤ በኮሪያም በአሜሪካ 7ኛ ክፍለ ጦር ሥር ተዋጋ። ከ120 በላይ ጀግኖች ወደቁ፤ የተማረከ ግን አንድም የለም። የታጠቁት የአሜሪካንን መሣሪያ ስለ ነበረ፣ የቤተ ሰባችን ቃል ከብረቱ ጋር ይስማማል። ነገር ግን በ1945 ዓ.ም. ኢትዮጵያና አሜሪካ የጦር ርዳታ ውል ስለ ተዋዋሉ፣ እንዲህ ያለው ቁር እዚሁ አገራችንም ሊታደል ይችላል። ስለዚህ ብረቱ የተሠራበትን ዘመን ነገረኝ እንጂ የሄደበትን መንገድ አልነገረኝም።

በመጨረሻ ቁሩን ወደ ፀሐይ አዘንብዬ ስመለከት፣ በውስጡ በጩቤ ጫፍ የተጫሩ ሦስት ፊደሎች አየሁ። የቅድመ አያቴ ስም አልነበሩም፤ የሌላ ሰው ስም መነሻ ናቸው። ለአያቴ ልንገራቸው ወይስ ዝም ልበል ብዬ ሁለት ቀን አሰብኩ። በኋላ ነገርኳቸው። ጣታቸውን በፊደሎቹ ላይ እያስኬዱ ጥቂት ዝም አሉና፣ «እንግዲያስ ልጄ፣ ይህ የሰው አደራ ነው» አሉ። እህሉን ወደ ቁና ገልብጠው ቁሩን ከአባታቸው ፎቶግራፍ ሥር አኖሩት። ከዚያ ወዲህ አልሰፈሩበትም።

የዚያን ወታደር ስም አሁንም ከዘማቾች ልጆች እየጠየቅሁ ነው። እናንተም ውድ ጓደኞቼ፣ በቤታችሁ ያለውን አሮጌ ዕቃ ከመፋቃችሁና ከመሸጣችሁ በፊት ሽማግሌዎቻችሁን ጠይቁ፤ የነገሯችሁንም ጻፉት። ብረት ረጅም ዘመን ይቆያል፤ የሚያስረዳው ሰው ግን አይቆይም።