የሕግ መምህርነትና የሕግ ሥራ በአንድ ሰው

ሕግን በዩኒቨርሲቲ እያስተማሩ ጎን ለጎን በጥብቅና፣ በማማከር ወይም በዳኝነት መሥራት በብዙ አገሮች የቆየ ልማድ ነው። በዩኒቨርሲቲ ደረጃ ከቀደሙት ማስረጃዎች የሚበዙት ከመካከለኛው ዘመን ጣሊያን የተገኙ ናቸው። (ከኢትዮጵያ ክፍል በቀር ዓመታቱ እንደ ጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው።)

አመጣጥ

የቦሎኛ ዩኒቨርሲቲ በ1088 ተመሠረተ ይባላል። ይህ ዓመት ግን የ800ኛ ዓመቱ በዓል ሲታሰብ፣ በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ገጣሚው ጆዙዌ ካርዱቺ በመራው ኮሚቴ የተመረጠ ነው። በተለምዶ የመጀመሪያው መምህር የሚባለው ኢርኔሪዮ ሲሆን፣ በ13ኛው ክፍለ ዘመን የነበረው የሕግ መምህር ኦዶፍሬዶ ግን ፔፖ የተባለ ሰው ቀድሞት ማስተማር እንደጀመረ፣ ነገር ግን ስም እንዳላተረፈ ጽፏል። በ1076 በቱስካኒ ማርቱሪ በተካሄደ ችሎት መዝገብ ላይም ፔፖ የሚባል የሕግ ሊቅ ተጠቅሷል። በዚያ ክርክር አንድ ገዳም የተወሰደበትን መሬት ሲጠይቅ፣ ተከሳሹ ከ40 ዓመት በላይ ይዞታ ጠቅሶ በይርጋ ተከላከለ። ገዳሙ አቤቱታውን የሚሰማለት ዳኛ አጥቶ እንደነበር በመግለጹ፣ ችሎቱ ዲጀስት የተባለውን የንጉሠ ነገሥት ዩስቲንያኖስ የሮማ ሕግ ስብስብ ጠቅሶ ፈረደለት። ሁለቱ ፔፖዎች አንድ ሰው ስለመሆናቸው ተመራማሪዎች አይስማሙም። ኢርኔሪዮም በዘመኑ ሰነዶች የሚታየው በአብዛኛው በችሎት ተሳታፊነቱ ነው።

ጽሑፋዊ የሕግ አስተያየት

በጣሊያን ከተሞች ዳኞች ብዙ ጊዜ ከሌላ ከተማ ለአጭር ዘመን የሚመጡ ነበሩ፤ ሲሰናበቱም በሥራቸው ይመረመሩ ነበር። በዚህም ምክንያት ከባድ ጉዳይ ሲገጥማቸው መዝገቡን ለሕግ መምህር ልከው አስተያየት ይጠይቁ ነበር። በአንዳንድ ከተሞች ደንብ ዳኛው አስተያየቱን ተከትሎ እንዲፈርድ ይገደድ ነበር። ተከራካሪዎችም ክፍያ እየፈጸሙ ለራሳቸው አስተያየት ያጽፉ ነበር። በፔሩጃ፣ በፓቪያና በሌሎችም ከተሞች ያስተማረው ባልዶ (በ1400 የሞተ) ከ2,000 በላይ እንዲህ ያሉ አስተያየቶች ትቷል። በ1378 የርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ኡርባኖ 6ኛን መመረጥ ደግፎ የጻፈው ከእነዚህ አንዱ ነው።

በዘመናችን

በጣሊያን በ1980 የወጣው ድንጋጌ የሙሉ ጊዜ ፕሮፌሰር በግል ሙያ እንዳይሠራ ከልክሎ፣ የተወሰነ ሰዓት ለሚያስተምር ፈቅዷል። በጀርመን የወንጀል ሥነ ሥርዓት ሕግ ለዳኝነት የሚያበቃ ብቃት ያለው የዩኒቨርሲቲ የሕግ መምህር የጥብቅና ፈቃድ ሳይኖረው ተከላካይ ሆኖ መቆም ይችላል።

ኢትዮጵያ

የ1949 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሕግን ያረቀቁት ዣን ግራቨን የጄኔቫ ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰርና የዚያው ከተማ የሰበር ፍርድ ቤት ዳኛ ነበሩ። የሕግ ፋኩልቲ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ የተከፈተው በ1956 ዓ.ም. ነው። የፌዴራል ጥብቅና ፈቃድ የሚመራው በአዋጅ ቁጥር 1249/2013 ነው። በዩኒቨርሲቲዎች ነጻ የሕግ ድጋፍ ማዕከላት መምህራንና ተማሪዎች ጠበቃ ለመቅጠር አቅም ለሌላቸው ባለጉዳዮች ምክር ይሰጣሉ፤ ክስና አቤቱታም ያዘጋጃሉ።