ዓሣ አንበሪ፣ ጉማሬና የውኃ ውስጥ ድምፅ
(ስለ ስያሜ ታሪክ የቀረበ ጥናት)

አማርኛ ለየብስ እንስሳት ድምፅ ያለው የግሥ ሀብት ሰፊ ነው። በሬ ያጓራል፤ አህያ ያናፋል፤ ፈረስ ያሽካካል፤ አንበሳ ያገሣል። በከብቱ ዝርያ ስሙ በታወቀው በፎገራ ሜዳ ያደገ ሰው እነዚህን ግሦች ማንም ሳያስተምረው ለያይቶ ያውቃቸዋል። ይሁን እንጂ ይኸው ሜዳ ወደ ምዕራብ ዘልቆ ጣናን ሲነካ ቃላቱ ከውኃው ዳር ይቆማሉ። ጉማሬ ድምፁ ከሩቅ የሚሰማ ሆኖ ሳለ፣ ስለ እርሱ የሚነገረው «ጮኸ» ከሚለው የወል ግሥ ብዙም አያልፍም። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ በውኃ ውስጥ ስላለው ድምፅ የሰው ልጅ ያገኘው ዕውቀት እንዴት ደረጃ በደረጃ እንደ ተከማቸ፣ የእኛም ስያሜዎች ከዚሁ ዕውቀት ጋር ምን ያህል እንደሚስማሙ መመርመር ነው። ዓመታቱ በአውሮፓ አቆጣጠር የተሰጡ ናቸው።

የቃላቱ ማነስ የአማርኛ ተናጋሪው ደጋማነት ብቻ ያመጣው አይመስልም። በጣና ዙሪያ የውኃው ባለሙያ የነበረ ሕዝብ አለ፤ ይኸውም ነገደ ወይጦ ነው። ታንኳ ከደንገል እየሠራ፣ ጉማሬ እያደነ የኖረ ሲሆን፣ የጉማሬ ሥጋ በመብላቱም ጎረቤቶቹ አግልለውት ቆይተዋል። በ1770 ገደማ በአካባቢው ያለፈው ስኮትላንዳዊው መንገደኛ ጄምስ ብሩስ ወይጦዎች ከሌሎቹ ፈጽሞ የተለየ ቋንቋ እንደሚናገሩ ጽፏል። በ1907 የጎበኛቸው ጀርመናዊው ኦይገን ሚትቮክ ግን ያገኛቸው አማርኛ ሲናገሩ ነው። ፈረንሳዊው የቋንቋ ሊቅ ማርሴል ኮኅን በ1939 ያሳተመው የወይጦ ቃላት ዝርዝርም በአብዛኛው ከአማርኛ ምንጭ የተገኘ ሲሆን፣ ሥራቸው ያልታወቀ ጥቂት ቃላትን ይዟል። ጉማሬን አድብቶ የሚይዝ አዳኝ እንስሳው መቼ እንደሚቆጣ፣ መቼ እንደሚጠራራ በጆሮው መለየት ነበረበትና፣ ከቋንቋው ጋር የጠፋው ምን እንደ ሆነ መገመት አያዳግትም። (የጉማራ ወንዝ ስም ከጉማሬ ጋር መመሳሰሉን አንባቢ ሳያስተውለው አይቀርም፤ ነገር ግን የድምፅ መመሳሰል ብቻውን የሥር ማስረጃ አይሆንም።)

ባሕርን በሚመለከት ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው፤ ስም አለ፣ እንስሳው ግን ሩቅ ነው። ዮናስን የዋጠው ፍጥረት በግእዙ መጽሐፍ ዐንበሪ ተብሏል። ቃሉ ከዐረብኛው ዐንበር ጋር አንድ ዘር ሲሆን፣ የዐረብኛው ቃል እንስሳውንም ከሆድ ዕቃው የሚገኘውን ሽቶም ያመለክታል። አማርኛ ይህንኑ ወስዶ «ዓሣ» የሚል መግለጫ ከፊት ጨመረበትና «ዓሣ አንበሪ» አለ። ሁለቱ አናባቢዎች በንግግር ሲዋጡ «ዓሣንበሪ» ይሆናል፤ ከዚያም ጆሮ የለመደውን «ነበረ» የሚል ግሥ በውስጡ የሰማ ይመስላልና፣ ዛሬ በብዛት የሚጻፈው «ዓሣ ነባሪ» ወጣ። ስለዚህ በአንድ ስም ውስጥ ሁለት ስሕተት ተደራርቧል፤ የመጀመሪያው ታሪኩን የሚሰውር ነው፣ ሁለተኛው ደግሞ በሳንባው የሚተነፍሰውንና ልጁን የሚያጠባውን እንስሳ ዓሣ ያደርገዋል። አርስጣጣሊስ እንኳ ዶልፊን አየር እንደሚስብ፣ ልጁን እንደሚያጠባ፣ ከውኃ ሲወጣም እንደሚጮኽ ያውቅ ነበር።

ከውኃ ሲወጣ መጮኹ ቢታወቅም፣ በውኃ ውስጥ ድምፅ ምን ያህል እንደሚጓዝ የተለካው ግን ቆይቶ ነው፤ የተለካውም እንደ ጣና ባለ ሐይቅ ላይ ነው። በ1826 ዣን ዳንኤል ኮላዶንና ሻርል ስቱርም በጄኔቫ ሐይቅ ላይ ከ13 ኪሎ ሜትር በላይ ተራርቀው በሁለት ጀልባ ተቀመጡ። ከአንደኛው ጀልባ ሥር የተንጠለጠለ ደወል በውኃ ውስጥ ሲደወል በዚያው ቅጽበት ባሩድ ይበራል፤ በሌላው ጀልባ ያለው ብልጭታውን አይቶ ድምፁ እስኪደርሰው ይቆጥራል። ውጤቱ በሰኮንድ 1,435 ሜትር ሆነ። በአየር ውስጥ 340 ሜትር ያህል ብቻ ነውና፣ ውኃ ድምፅን ከአራት እጥፍ በላይ ያፈጥናል ማለት ነው። ብርሃን ግን በውኃ ውስጥ ሩቅ አይሄድም። ርብና ጉማራ በክረምት ደለል ጭነው ወደ ጣና ሲገቡ ያየ ሰው፣ በእንዲህ ያለ ውኃ ውስጥ ዓይን ለምን ቦታውን ለጆሮ እንደሚለቅ ይገባዋል። ድምፅ አልባ የሚመስለን አምባዛ እንኳ የአየር ከረጢቱን ከውስጥ ጆሮው ጋር የሚያያይዙ ጥቃቅን አጥንቶች አሉት፤ እነዚህንም ኤርንስት ቬበር በ1820 ገልጿቸዋል።

የሚገርመው፣ ሳይንስም ቢሆን ለረጅም ጊዜ ባሕርን ዝምተኛ አድርጎ መቁጠሩ ነው። የዣክ ኢቭ ኩስቶ ፊልም በከፊል በቀይ ባሕር ተነሥቶ በ1956 ሲታይ ርእሱ «የዝምታ ዓለም» ነበር። ይሁን እንጂ ከዚያ 7 ዓመት ቀደም ብሎ፣ በ1949፣ ዊሊያም ሼቪልና ባርባራ ሎውረንስ በካናዳ ወንዝ መግቢያ ላይ የነጭ ዓሣ አንበሪዎችን ድምፅ ቀርጸው ነበር። ሰርጓጅ መርከብ ለማዳመጥ የተዘረጉ መሣሪያዎችም በየጊዜው ዝቅተኛና የተስተካከለ ምት ይሰሙ ነበር። ምቱ የሰው ሥራ ሳይሆን የአንድ ትልቅ ዓሣ አንበሪ ዝርያ ጥሪ መሆኑ የተገለጸው በ1960ዎቹ ነው።

ጥርስ ያላቸው ዝርያዎች፣ ዶልፊንም ከእነርሱ አንዱ ነው፣ ከመተንፈሻቸው ሥር ባለው የአየር መተላለፊያ አጭርና ፈጣን ቅጭታ ይፈጥራሉ። በግንባራቸው ያለው ስብ ድምፁን ወደ ፊት ያነጣጥረዋል፤ ከዓሣ ገላ ተላትሞ የሚመለሰውንም በታችኛው መንጋጋቸው ስብ በኩል ይቀበሉታል። በ1960 ገደማ ኬኔት ኖሪስና ባልደረቦቹ የአንዲት ዶልፊን ዓይን በጎማ ሸፍነው ቢለቋት መንገዷን ሳትስት ዋኘች። ጥርስ የሌላቸው ታላላቆቹ ዝርያዎች ደግሞ በጉሮሯቸው ወፍራምና ሩቅ ተጓዥ ድምፅ ያወጣሉ፤ ጉሮሯቸው ለዚህ የተለየ ቅርፅ እንዳለው በ2024 የወጣ ጥናት አሳይቷል።

ከዚህ ላይ ሁለት ስያሜዎች ውሳኔ ይፈልጋሉ። ዶናልድ ግሪፊን በ1944 ለሌሊት ወፍ ችሎታ ያወጣው ቃል ማሚቶንና ቦታ መለየትን ያጣመረ ነው። በአማርኛ ገደል ማሚቶ የሚል ውብ ስም አለን፤ ነገር ግን ይህ ስም የደጋ ልጅ ነው፤ ድምፅ የሚመለሰው ከገደል ነው ብሎ ይነሣል። የባሕር ወለልም ገደል አያጣም፤ ዶልፊን የምትሰማው ግን ከአንዲት ዓሣ ጎን የተመለሰውን ነው። ስለዚህ «ገደል»ን ትቶ «ማሚቶ ልየታ» ማለቱ ይሻላል። ግእዝ ፍለጋ መሄድ አስፈላጊ አይመስልም፤ ማሚቶ ሁሉም የሚረዳው ቃል ነውና።

ሁለተኛው «ዜማ» ነው። ሮጀር ፔይንና ስኮት ማክቬይ በ1971 ያሳተሙት ጥናት፣ ጎባጣው ዓሣ አንበሪ ከ7 እስከ 30 ደቂቃ የሚወስድ፣ በቅደም ተከተል የተደራጀና ተመልሶ የሚደገም ድምፅ እንደሚያሰማ አረጋገጠ። የሚያሰማው ወንዱ ነው፤ በአንድ አካባቢ ያሉት ሁሉ አንድ ዓይነት ይዘው ከዓመት ወደ ዓመት ይለውጡታል። የያሬድን ሥርዓት የሚያከብር ሰው ዜማ የሚለውን ለእንስሳ መስጠት ያስከፋው ይሆናል። ሆኖም ዜማን ከተራ ጩኸት የሚለየው ሥርዓቱ ነው፤ ይህም ሥርዓት በዚህ እንስሳ ድምፅ ውስጥ አለ። «ዘፈን» ቢባል ግጥምና ጭፈራ ያስከትላል፤ «ጥሪ» ቢባል ደግሞ አንድ ጊዜ ተሰምቶ የሚያበቃ ያስመስለዋል።

የጉማሬ ጉዳይ ወደ ጣና ይመልሰናል። ቀድሞ ከዐሣማ ወገን ይቆጠር የነበረው ይህ እንስሳ፣ በሕይወት ካሉት ሁሉ ለዓሣ አንበሪ የቅርብ ዘመድ መሆኑን በ1990ዎቹ የተደረጉ የዘር ምርመራዎች አሳዩ። መዝገበ ቃላታችን ዓሣ ያለው እንስሳ የሥጋ ዘመድ ከፎገራ ዳርቻ ሲጮኽ ኖሯል ማለት ነው። አሜሪካዊው ዊሊያም ባርክሎው በ2004 እንዳሳተመው፣ ጉማሬ ዓይኑንና አፍንጫውን ከውኃ በላይ፣ ጉሮሮውን ከውኃ በታች አድርጎ ሲጮኽ፣ አንዱ ድምፅ በአፍንጫው ወደ አየር፣ በጉሮሮው ስብ በኩል ደግሞ ወደ ውኃ ይሄዳል። ሙሉ በሙሉ ሰጥሞም ድምፅ ያሰማል። በሞዛምቢክ የተደረገና በ2022 የወጣ ጥናትም ጉማሬዎች የጎረቤትን ጩኸት ከእንግዳ ጩኸት እንደሚለዩ አመልክቷል።

«ጮኸ» የሚለው ግሥ እነዚህን ሁሉ ሊሸከም አይችልም፤ አዲስ ቃል ከመፍጠር በፊት ግን ያለውን መሰብሰብ ይገባል። ከፎገራ፣ ከደራና ከሊቦ ከምከም የሐይቅ ዳር ቀበሌዎች፣ ከታንከኞችና ሌሊት ሰብላቸውን ከጉማሬ ከሚጠብቁ ገበሬዎች፣ በተለይም ከነገደ ወይጦ አዛውንት ቃላት ቢለቀሙ፣ በኮኅን ዝርዝር ካሉት ሥራቸው ካልታወቁት ጋር ማነጻጸር ይቻላል። ለቃሚው ቃሉንና የተናጋሪውን ቀበሌ ከመጻፍ ሌላ፣ ድምፁ ሲሰማ የጉማሬው አፍንጫ ከውኃ በላይ ወይም ከውኃ በታች መሆኑን ጠይቆ ቢመዘግብ መልካም ነው።