ሐይቅ፦ ደሴት የነበረው ጸጥታ

ከደሴ ተነሥቶ ወደ ወልድያ በሚወስደው አውራ ጎዳና 30 ኪሎ ሜትር ያህል የተጓዘ መንገደኛ፣ ሐይቅ ከምትባለው ከተማ ሲደርስ ከመኪና ወርዶ በስተምሥራቅ ያለውን ቁልቁለት ቢይዝ፣ ብዙም ሳይርቅ በተራሮች መካከል የተኛ ሰፊ ውኃ ያገኛል። ውኃው የራሱ ስም የለውም ማለት ይቻላል፤ ከተማውም፣ ገዳሙም፣ ውኃውም በአንድ ቃል «ሐይቅ» ይባላሉ። ሌሎቹ የአገሪቱ ሐይቆች ጣና፣ ዝዋይ፣ አባያ፣ አሸንጌ እየተባሉ በየስማቸው ሲጠሩ፣ ይህ አንዱ የወል ስሙን እንደ ተጸውዖ ስም ይዞ መኖሩ በጥንቱ ዘመን በዚያ አገር ሰው ዘንድ «ሐይቅ» ሲባል ሌላ የሚታሰብ ውኃ እንዳልነበረ ሳያመለክት አይቀርም።

በሰንበትና በበዓል ቀን ከደሴና ከኮምቦልቻ ወደዚህ የሚወርደው ሰው ጥቂት አይደለም። ከዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጦ ትኩስ ዓሣ ይበላል፤ በጀልባ ወደ ውኃው መሐል ይዘልቃል፤ ያመጣውን ጋዜጣ ሳያነበው አጣጥፎ ይመለሳል። ምን አየህ ቢሉት «ጸጥታውን» ይላል እንጂ ሌላ የሚናገረው የለውም። ይህም ጸጥታ እንደ ተራራውና እንደ ወፎቹ ሁሉ ከተፈጥሮ የተገኘ፣ ማንም ያልደከመበት ሀብት ይመስለዋል። የሐይቅ ጸጥታ ግን ታሪክ አለው። የመሠረቱት ሰዎች አሉ፤ የጠበቁት አሉ፤ በወርቅ የዋጁትም አሉ።

የአገሬው ሰው የውኃውን አመጣጥ ሲያወጋ እንዲህ ይላል። ዱሮ ይህ ስፍራ ደረቅ ምድር ነበር። አንዲት ነፍሰ ጡር በአንዲት ልዕልት እጅ ግፍ ተፈጸመባት። ፈጣሪም ተቆጥቶ በዙሪያዋ ያለውን ምድር ሁሉ ውኃ አደረገው። ልዕልቲቱ ከነዘመዶቿና ከነወዳጆቿ ሰጠመች፤ ነፍሰ ጡሯ የተቀመጠችባት መሬት ብቻ ደሴት ሆና ቀረች። የመሬት ሊቃውንት ደግሞ ሐይቁ የተፈጠረው በስምጥ ሸለቆው ምዕራባዊ ዳርቻ መሬት ተሰንጥቆ በመስመጡ ነው ይላሉ። ሁለቱም ወገን መሬቱ መስመጡን ይመሰክራል፤ የሚለያዩት ስለ ምን እንደ ሰመጠ ሲጠየቁ ነው። በተረቱ ውስጥ ደሴቲቱ የተበዳይ መጠጊያ፣ ያውም የአንዲት ሴት መጠጊያ መሆኗን አንባቢ ልብ ቢል መልካም ነው።

በደሴቱ ላይ የቅዱስ እስጢፋኖስ ቤተ ክርስቲያን የተተከለው በዘጠነኛው መቶ ዘመን እንደ ሆነ ትውፊቱ ይናገራል። የስፍራው ዝና የገነነው ግን በ13ኛው መቶ ዘመን አጋማሽ፣ በላስታ ዳኅና የተወለዱት አባ ኢየሱስ ሞዓ ከደብረ ዳሞ ተምረውና መንኩሰው ከመጡ በኋላ ነው። ገድላቸው 45 ዓመት ሙሉ ጎናቸውን በምኝታ አላሳረፉም ይላል። ይህን እንደ ቃሉ የሚቀበለው ይቀበለው፤ የማይቀበለውም ቢሆን እኚህ ሰው በዚያ ውኃ መካከል ምን ያህል ሥራ እንደ ሠሩ የሚመሰክር ሌላ ማስረጃ አያጣም። በ1280 እና በ1281 እ.ኤ.አ. መካከል ለገዳሙ የሰጡት የአራቱ ወንጌል መጽሐፍ ከነሥዕሉ እስከ ዘመናችን ደርሷል፤ ዘመናቸው በትክክል ከሚታወቅ ባለ ሥዕል የኢትዮጵያ ብራናዎች መካከል ከቀደምቶቹ አንዱ ነው።

የታሪክ ሊቁ ታደሰ ታምራት እ.ኤ.አ. በ1972 ባሳተሙት መጽሐፋቸው እንዳሳዩት፣ በአማራና በሸዋ ምድር የገዳም ሕይወት የተስፋፋው በአብዛኛው ከዚህ ትምህርት ቤት በወጡ ሰዎች ነው። አቡነ ተክለ ሃይማኖት ከሸዋ መጥተው ለብዙ ዓመታት በዚህ ተምረዋል። ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቶም አባ ጊዮርጊስ ዘጋሥጫ የሐይቅ ደቀ መዝሙር ሆነ። ጊዮርጊስ በልጅነቱ ትምህርት እንቢ ብሎት ለመነኮሳቱ እህል ሲፈጭ መኖሩን፣ ኋላም የድርሰት ሁሉ ምንጭ መሆኑን ትውፊቱ በፍቅር ይተርከዋል።

እንግዲህ የሐይቅ ጸጥታ ምን ዓይነት ጸጥታ እንደ ነበረ ከዚህ መገመት ይቻላል። ወፍጮ ያጉራ ነበር። ብራና ይፋቅ፣ ይለፋ፣ ይዳመጥ ነበር። ተማሪ ሌሊት ዜማ ይቀጽል፣ ቀን እንጨት ይለቅም ነበር። የደሴቱ ሰዎች ወደ ውኃው የገቡት ሊያርፉ አልነበረም፤ ሥራቸውን የሚያቋርጥባቸው እንዳይመጣ ነበር እንጂ። ዛሬ ከሥራው ሸሽቶ ወደዚያ የሚወርደው መንገደኛና እነርሱ አንድ ቦታ የተገናኙት ከተቃራኒ አቅጣጫ መጥተው ነው።

ቤተ መንግሥቱስ አላቋረጣቸውምን? ገድሉ ይኩኖ አምላክ (1270–1285 እ.ኤ.አ.) በልጅነቱ በገዳሙ አድጓል፣ መንግሥቱንም ያገኘው በአባ ኢየሱስ ሞዓ ጸሎትና ቃል ኪዳን ነው ይላል። ገድሉ የተጻፈው አባ ኢየሱስ ሞዓ ካረፉ ከረዥም ዘመን በኋላ ስለ ሆነ፣ ይህንኑ ክብር ደብረ ሊባኖስም ለተክለ ሃይማኖት ስለሚሰጥ፣ ነገሩን በጥንቃቄ መያዝ ይገባል። የማያከራክረው ግን የሐይቁ አበምኔት «ዓቃቤ ሰዓት» የሚል ማዕርግ ይዞ በ14ኛውና በ15ኛው መቶ ዘመን ከንጉሡ አጠገብ ከሚቆሙት ታላላቅ ሹማምንት አንዱ መሆኑ ነው። ከዓለም ለመራቅ ውኃ አቋርጦ የገባው ጉባኤ፣ ባለ ሥልጣኑን በየድንኳን ከተማው ከንጉሥ ጋር የሚዞር ሰው አደረገው። ርስቱም፣ ወርቁም፣ የሐር ልብሱም የመጣው በዚሁ መንገድ ነው፤ መዘዙም እንደዚሁ።

እ.ኤ.አ. በ1520 ከፖርቱጋል መልእክተኞች ጋር በዚህ ያለፈው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ ያየውን ጽፎ ትቷል። በደሴቱ ላይ ብዙ መነኮሳት፣ ብዙም የሎሚ፣ የብርቱካንና የትርንጎ ዛፍ ነበር። ሰዎቹ የሚሻገሩት አራት ታላላቅ ቅሎች በታሰሩበት የሸምበቆ ታንኳ ነበር። በሐይቁ ውስጥ ስለሚኖሩት ግዙፍ እንስሳት ሲናገር የአገሩን ቃል እንዳለ ወስዶ «ጉማሬ» ይላቸዋል። ራሱ መልከ ጥፉ፣ ገላው ልሙጥ፣ ጣዕሙ ግን ወደር የለሽ ነው ያለው ዓሣ ደግሞ አምባዛ መሆን አለበት። በአልቫሬዝ ገጾች ላይ ሐይቁ እንደ ገና ሙሉ ነው፤ ፍሬው በዛፉ፣ ጉማሬው በውኃው፣ መነኩሴው በደሴቱ።

ከ11 ዓመት በኋላ የኢማም አሕመድ ኢብን ኢብራሂም ጦር ከዳርቻው ደረሰ። የዘመቻው ታሪክ ጸሐፊ ሺሃብ አድ-ዲን «ፉቱሕ አል-ሐበሻ» በተባለው መጽሐፉ እንደ ተረከው፣ በደሴቱ ላይ የተከማቸው ሀብት ወሬ ተሰምቶ ነበርና ኢማሙ እንጨት ተቆርጦ መሻገሪያ እንዲሠራ አዘዙ። መነኮሳቱ ዝግጅቱን ከማዶ ሆነው ይመለከቱ ነበር። ከስድስት መቶ ዓመት በላይ ቅጥር ሆኖ ያገለገለው ውኃ በአንድ ሳምንት ሥራ መንገድ ሊሆን መሆኑን ሲረዱ ሽማግሌ ላኩ፤ ያላቸውን ሁሉ ሊሰጡ፣ ቤተ ክርስቲያኑ ግን እንዳይቃጠል ለመኑ። ኢማሙ ተስማሙ። ወርቁና ብሩ፣ የከበረውም ዕቃ ወጣ፤ ቤተ ክርስቲያኑ ተረፈ።

ይህን ውል አንዳንዶች እንደ ሽንፈት ብቻ ያዩታል። ነገር ግን በዚያ ዓመት በአካባቢው ስንቱ ደብር ከነመጽሐፉ አመድ እንደ ሆነ ያሰበ ሰው፣ የአባ ኢየሱስ ሞዓ ወንጌል ዛሬም የሚነበበው እነዚያ መነኮሳት ወርቅን ከብራና ለይተው ዋጋ መስጠት ስላወቁበት ጭምር ነው ለማለት ይደፍራል። ወርቁን ያመጣው ቤተ መንግሥት ነበር፤ ብራናውን የሠሩት ግን እነርሱ ራሳቸው ነበሩ።

ከዚያ ወዲህ ያለው የሐይቅ ታሪክ ጸጥ ያለ ነው። በዳርቻው የሚያርሰው ገበሬ አብዛኛው ሙስሊም ነው፤ የአዛኑ ድምፅና የገዳሙ ደወል በአንድ ውኃ ላይ ይሰማሉ። ጦር እንኳ አልፎ አልፎ መምጣቱ አልቀረም፤ እ.ኤ.አ. በ2021 መጨረሻ በተደረገው ጦርነት ደሴና አካባቢዋ ለሳምንታት የውጊያ ስፍራ ሆነው ነበር። ነገር ግን በእነዚህ ዘመናት ሁሉ የደሴቱን ጸጥታ ከማንም ጦር ይልቅ የለወጠው የውኃው ራሱ መሸሽ ነው። መቼ እንደ ጀመረ በቀን ተቆጥሮ አይነገርም፤ ሐይቁ እያነሰ ሄደና በደሴቱና በየብሱ መካከል የነበረው ውኃ ደረቀ። የኢማሙ አናጢዎች በእንጨት ሊሠሩት ያሰቡትን ድልድይ ምድር ራሷ ሠራችው። ዛሬ ወደ እስጢፋኖስ የሚሄድ ሰው ታንኳ አያሻውም፤ በእግሩ ይገባል።

የሐይቁ ስፋት በአሁኑ ዘመን 23 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን ጥልቀቱ ከ80 ሜትር በላይ ይደርሳል። ከጎረቤቱ ከአርዲቦ ሐይቅ በኩል የሚመጣ ወንዝ ይገባበታል፤ በገጸ ምድር የሚወጣ ወንዝ ግን የለውም። መውጫ የሌለው ውኃ እንደ ሻላና እንደ አብያታ ጨዋማ መሆን ሲገባው ይህኛው ለመጠጥ የሚሆን ጣፋጭ ውኃ ሆኖ መኖሩ ከምድር በታች የሚሰርግበት መንገድ ቢኖረው ነው። ገቢው ሲያንስ ወዲያው ይታወቅበታል። የሚገባውን ወንዝ ለመስኖ የሚጠልፈው ገበሬም ቢሆን የሚወቀስ አይደለም፤ ወሎ በ1966 እና በ1977 ዓ.ም. ረኃብ ያየችውን አይታለችና ወንዝ እያለ ማሳውን አድርቅ የሚለው ማን ነው?

ለምግብ የታሰበ ሌላም ሥራ በውኃው ላይ ደርሷል። በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጨረሻ ግድም ቆሮሶ የተባለው ዓሣ ወደ ሐይቁ ተጨመረ። ቆሮሶው ተራብቶ የብዙ ዓሣ አጥማጆች እንጀራ ሆነ። ዛሬ ከዛፍ ጥላ ሥር የሚበላውም እርሱ ነው። ሆኖም ከጥቂት ዓመታት በኋላ ሐይቁን የመረመሩ ሊቃውንት፣ ቀድሞ ወደ ታች ብዙ ሜትር ያሳይ የነበረው ጥሩ ውኃ እጅግ ደፍርሶ አገኙት። እንደ እነርሱ አስተያየት አዲሱ ዓሣ አልጌውን ይግጡ የነበሩትን ደቃቅ የውኃ ነፍሳት በልቶ ስለ ጨረሰ አልጌው ያለ ከልካይ በዛ። ሰው ከላይ ሲያየው ሐይቁ ያው ሐይቅ ነው፤ አረንጓዴነቱንም ውበት ይለዋል።

ኅዳር 26 ቀን የአባ ኢየሱስ ሞዓ መታሰቢያ ሲከበር ከየአቅጣጫው ብዙ ምእመናን ይመጣሉ። ወደ ወንዶቹ ገዳም ሴት አይገባም፤ ሥርዓቱ ከጥንት የቆየ ነው። ውኃው ዙሪያውን ሳለ ክልከላውን የሚጠብቀው ውኃው ነበር፤ አሁን የሚጠብቀው በር ነው። ወንዶቹ ጫማቸውን አውልቀው ይገባሉ። እናቶችና እኅቶች፣ ከመካከላቸውም ነፍሰ ጡሮች፣ ባሎቻቸውና ወንድሞቻቸው ተሳልመው እስኪመለሱ ድረስ፣ ቀድሞ ውኃ በነበረበት በደረቁ መሬት ላይ ነጠላቸውን አንጥፈው ተቀምጠው ይጠብቃሉ።