ከምስሉ የማይለይ ትርጉም

እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጨረሻ በአሜሪካ የሚኖሩ የጃፓን ካርቱን ፊልም ወዳጆች የሚወዷቸውን ፊልሞች ያለ ክፍያ ወደ እንግሊዝኛ መተርጎም ጀመሩ። «አሚጋ» በተባለው ኮምፒዩተር የጻፉትን ትርጉም «ጄንሎክ» የተሰኘ መሣሪያ ከምስሉ ጋር አዋሕዶ በቪዲዮ ካሴት ላይ ይቀርጽላቸው ነበር። አንዴ የተቀረጸው ጽሑፍ አይፋቅም፤ ስሕተትም ቢኖረው ካሴቱ በተባዛ ቁጥር አብሮ ይባዛል።

እ.ኤ.አ. በ2002 መጨረሻ ሥራው የተጀመረው «ማትሮስካ» የተባለው የፋይል ዓይነት ግን ምስሉን፣ ድምፁንና ትርጉሙን ሳያደባልቅ በአንድነት መያዝ ቻለ። ተመልካቹ ጽሑፉን ሊያጠፋው፣ ሌላ ተርጓሚም ሊያርመው ወይም ወደ ሌላ ቋንቋ ሊመልሰው ይችላል። ሆኖም በጊዜው ብዙ ማጫወቻዎች ፋይሉን ስለማይከፍቱት አንዳንድ ቡድኖች ሁለቱንም ዓይነት ያዘጋጁ ነበር።

ጉዳዩ የአማርኛ ተርጓሚንም ይመለከታል። የግዕዝ ፊደል በሌለው ማጫወቻ ላይ ተነጣዩ ጽሑፍ ባዶ ሳጥን ሆኖ ይታያል፤ በምስሉ ላይ የተቀረጸው ግን በየትም ይነበባል። ይሁንና ቀርጾ የሚያሰራጭ ተርጓሚ ንጹሑን ምስልና የትርጉሙን ጽሑፍ ለየብቻ ካላስቀመጠ፣ ነገ የሚያገኘውን ስሕተት የሚያርምበት መንገድ አይኖረውም።